መልስ፦ ካርታው ሙሉ ባቡር ይሁን ወይስ መንኮራኩር ብቻ?

ወንድሜ፣ ለምትሠራው የእንፋሎት ባቡር የካርታ ጨዋታ በየካርታው ላይ የሚሳለው መንኮራኩር ብቻ ይሁን! ደስታው ያለው መገጣጠሙ ላይ ነው። ሎኮሞቲቮችን (ባቡሩን የሚጎትቱትን) በመንኮራኩር ብዛት በሚለየው በዋይት አቆጣጠር መጀመሪያ የፊት መሪዎቹ፣ ቀጥሎ እንፋሎቱ የሚያዞራቸው፣ በመጨረሻ የኋላ ደጋፊዎቹ መንኮራኩሮች ይቆጠራሉ። 4፣ 6 እና 2 የሰበሰበ ተጫዋች «ፓሲፊክ» የሚባለውን የሎኮሞቲቭ ዓይነት ሠራ፤ 2፣ 8 እና 2 «ሚካዶ» ነው። 0 የተጻፈበት ካርታም አትርሳ፤ ያለ እሱ 2-8-0 «ኮንሶሊዴሽን» አይገኝም። «ቢግ ቦይ» የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ ሎኮሞቲቭ እንፋሎቱ የሚያዞራቸው መንኮራኩሮች በሁለት ምድብ ስላሉት 4-8-8-4 ነው፤ ስለዚህ ሁለት ባለ 8 ካርታ ይፈልጋል፤ ከፍተኛውን ነጥብ ስጠው።

እኛ አዳማ ውስጥ የባቡሩን ፉጨት እየሰማን ያደግን ስለሆንን ነገሩን ከልብ ይዘን ሞክረነዋል። እንፋሎቱ የሚያዞራቸውን መንኮራኩሮች በቀይ እስክሪብቶ ትልልቅ ክብ አድርገን ስለሳልናቸው ልጆቹ ቁጥሩን ሳያነቡ ይለዩዋቸው ነበር። የጫማ ካርቶን ግን ለመበወዝ ይወፍራል፤ የደብተር ሽፋን ይሻላል።