ውሻዬ ሰው እንጂ ውሻ አይወድም፣ ጓደኛ ላምጣለት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ ቡቺ የሚባል 2 ዓመት ያለፈው ወንድ ውሻ አለኝ፣ ገና ወር እንደሞላው ነው ከጎረቤት ያመጣሁት። ሰው ሲያይ ያብዳል፣ እንግዳ ከመጣ እግሩ ስር ሄዶ ነው የሚተኛው፣ ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ራሱ ጓደኛው ሆኗል (ባለቤቴ ይሄ ሌባ ቢመጣ ቡና አፍልቶ ነው የሚጠብቀው እያለ ይስቃል)። ውሻ ሲያይ ግን ፊቱን ያዞራል፣ ከተጠጉት ያጉረመርማል፣ የእህቴ ውሻ ስትመጣማ ወጥ ቤት ገብቶ አልወጣም ይላል። አሁን ባለቤቴ ብቸኝነት ነው ሌላ ቡችላ እናምጣለት ብሏል፣ እኔ ደግሞ ፈራሁ። ምን ይሻላል?
የቡቺ እናት፣ ከአያት

መልስ፦ ሰላም የቡቺ እናት፣ አታምጡ። ቢያንስ ለሱ ብላችሁ አታምጡ፣ እናንተ ሁለተኛ ውሻ ከፈለጋችሁ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቡችላ ውሻነትን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው፣ እየተነካከሱ እየተጯጯሁ ማለት ነው፣ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት አካባቢ ያለው ጊዜ ደግሞ ማንን ልመን የሚለው የሚቀረጽበት ነው። እኛ አገር በወር ነው የሚወሰደው፣ 8 ሳምንት እስኪሞላው መጠበቅ ነበረበት ግን ማን ይጠብቃል። ከዛ ቆርቆሮ አጥር ውስጥ ያድጋል፣ የሚያውቀው ውሻ በአጥር ስር የሚጮህበትን ወይ ሉካንዳ በር ላይ ተሰብስበው የሚጣሉትን ነው፣ የሚያበላው የሚያሻሸው ሰው ነው፣ እና ማንን ይውደድ? ለነገሩ ብዙ ውሻ ቡችላ እያለ ከሁሉም ጋር ይጫወትና ካደገ በኋላ መራጭ ይሆናል፣ ኖርማል ነው። ደግሞ ከሰው ጋር ያለው ፍቅር የውሸት አይደለም፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የጃፓኖች ጥናት ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ኦክሲቶሲን (እናትና ልጅን የሚያስተሳስረው ሆርሞን) በሁለቱም ላይ እንደሚጨምር አሳይቷል።

ፊቱን ማዞሩ ራሱ ጨዋነት ነው እኮ፣ በውሻ ቋንቋ ጠብ አልፈልግም ማለት ነው። ከንፈሩን መላስ፣ ሳይደክመው ማዛጋትም እንደዛው። ማጉረምረሙን ደግሞ እንዳትቆጪው፣ ማስጠንቀቂያውን ከከለከልሽው አንድ ቀን ዝም ብሎ ይነክሳል። የእህትሽ ውሻ ስትመጣ ወጥ ቤቱን ልቀቁለት በቃ፣ ተላመድ እያሉ እየጎተቱ ማውጣት የሚባለው ነገር ነው ነገሩን የሚያበላሸው።

ስታዘዋውሪው ማለዳና ማታን ተዪ፣ የሰፈር ውሾች በቡድን የሚንቀሳቀሱት ያኔ ነው፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲሞቃቸው ተጋድመው ታገኛቸዋለሽ። ከሩቅ ውሻ ሲመጣ ካየሽ ገመዱን አትወጥሪው፣ መወጠሩን እሱ አደጋ አለ ብሎ ነው የሚረዳው፣ መንገድ ቀይሪና ገና በሩቁ እያየው ሳይጮህ ቁራሽ ስጋ ስጪው፣ ውሻ ሲታይ ስጋ ይመጣል ብሎ ይያዘው። ጓደኛ አይሆኑም፣ በሰላም ማለፉ ይበቃል። የእብድ ውሻ ክትባቱ በየዓመቱ መታደሱን እይ፣ እናንተን የማታውቁት ውሻ ከነከሳችሁ ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና የዛኑ ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፣ እስኪያማችሁም አትጠብቁ።

አንድ ነገር ግን፣ ድሮ ከውሻ ጋር ይጫወት ከነበረና ድንገት ከተለወጠ ጆሮውን፣ ጥርሱን፣ መገጣጠሚያውን አስመርምሪ፣ የሚያመው ውሻ መነካት አይወድም።

ባለቤትሽ ይሄን ሳያነብ ቡችላውን ይዞ ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ ከግቢ ውጪ ይተያዩ፣ የምግብ ሳህንና መኝታቸው ይለያይ፣ ቡቺ ብቻውን የሚገባበት ቡችላው የማይደርስበት ቦታ ይኑረው፣ ለጥቂት ሳምንታትም ሁለቱን ብቻቸውን ትታችሁ እንዳትወጡ።