ማታ በስልካችሁ ሥዕል ለምትፈልጉ ወገኖቼ

ከሥራ ተመልሳችሁ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ በስልካችሁ ሥዕል እያያችሁ የምታመሹ ወገኖቼ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ከማየት አልፋችሁ በታብሌት መሣል ጀምራችኋል። ሌሎቻችሁ ፊደላችንን እያጣመማችሁና እየዘረጋችሁ፣ የእናታችሁን ፎቶግራፍ ከቀሚሷ ጥልፍ ጋር እያዋሐዳችሁ የራሳችሁን ምስል ትሠራላችሁ። ጎንደር ስትመጡ ታሳዩኛላችሁ። ስታሳዩኝ ግን «ያው ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ብላችሁ ስልኩን ቶሎ ትቀበሉኛላችሁ። እኔም ለረጅም ዘመን በሰው አገር ኖሬ የተመለስኩ ስለሆንኩ ይህ ቃል ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ውጭ ጉልበት ለሥራ ነው፣ ገንዘብ ለቤተሰብ ነው፤ ለራስ ብቻ የሚደረግ ነገር ብክነት ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ በሰው ቋንቋ ሲታዘዝና ሲያስረዳ የዋለ ሰው፣ ማታ ማንም ሳያርመው የውስጡን የሚያወጣበት ነገር ያስፈልገዋል። በሥዕላችሁ አትፈሩ።

ልመክራችሁ የምፈልገው ስለ ፍለጋው ነው። የምትሠሩት ከምታዩት ይወለዳልና ዓይናችሁ የሚውልበትን ቦታ ራሳችሁ ምረጡ። የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሚያቀርብላችሁ ሌላው ሰው የወደደውን ነው። «የኢትዮጵያ ሥዕል» ብላችሁ ስትፈልጉ ቀድሞ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ለጎብኚ መታሰቢያ ተብሎ በችኮላ የተገለበጠ ነው። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረከ፣ ጽሑፉ ፊደል መስሎ የማይነበብ ምስል በዝቷል። በዚህ ላይ ዓይኑን ያሳደገ ሰው እርሳስ ሲያነሣም ያንኑ ይደግማል።

ጥሩ ምንጭ አለ፤ ክፍያም አይጠይቅም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ «መዝገበ ሥዕላት» በሚል ስም በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የተነሡ በርካታ ሺህ ፎቶግራፎችን ሰብስቧል። በባልቲሞር ከተማ የሚገኘው የዋልተርስ ሙዚየም የኢትዮጵያ ብራናዎቹን ምስል በኢንተርኔት ያሳያል። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ምስል ማንም አውርዶ እንዲጠቀምበት ፈቅዷል፤ ከክምችቱም መካከል በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ15ኛው መጀመሪያ የተዘጋጀ ባለሥዕል ወንጌላችን ይገኛል። በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ ብራናዎችን ቅጂ ይዟል። እነዚያን ብራናዎች በመመዝገብ ዘመናቸውን ያሳለፉት በ2021 እ.ኤ.አ. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከዋሉ በኋላ፣ በስደት ተቀምጠው ነው ያንን ሁሉ የሠሩት። ስለ እርሳቸው ባሰብኩ ቁጥር ከአገር ርቆ መኖር ከአገር ሥራ እንደማይለይ አምናለሁ።

ጎንደር ሆኜ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ነገር ነው። እንደምታውቁት የጎንደር ሠዓሊዎች በአብዛኛው በጨርቅ ላይ ይሥሉና ጨርቁን በግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። የተለጠፈ ነገር ደግሞ ሊነሣ ይችላል። በ1932 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ በማርሴል ግሪዮል የተመራው፣ ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ ተልዕኮ የአባ እንጦንስን ሥዕሎች አንሥቶ ወሰደ። በምትካቸው ከተልዕኮው ጋር የመጣው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። እዚህ ያለ ወጣት ሠዓሊ ቪዛ ካላገኘ በስተቀር ፊታቸው ሊቆም አይችልም። ፓሪስ የምትኖሩት ግን በባቡር ትደርሳላችሁ። ለዕይታ ክፍት መሆናቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁና ሂዱ። አንድ ሙሉ ከሰዓት ስጧቸው። ፎቶግራፍ ከተፈቀደ የእጅን፣ የዓይንን፣ የልብስን ጠርዝ በቅርብ አንሡ፤ ቀለሙ የተሰነጠቀበትን፣ የጨርቁ ድር የሚታይበትን ቦታ አንሡ። ሠዓሊ የሚማረው ከዚያ ነውና።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው አንድ ነገር አለ፤ «የፈረንጅ ሥዕል እያየሁ ብማር የራሴን አላጣም ወይ?» ይሉኛል። መልሱ በእነዚሁ ሥዕሎች ውስጥ አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሮም ላይ በዐረብኛ የታተመ ባለሥዕል ወንጌል ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሠዓሊዎቻችን እጅ ገብቶ ነበር። በእንጨት ተቀርጸው በጥቁርና በነጭ የታተሙትን ሥዕሎች ተመለከቱ። የሰዎቹን አሰላለፍና የታሪኩን አቀራረብ ወሰዱ፤ ጥላውንና የሩቅ አድማሱን ተዉት፤ ደማቅ ቢጫና ቀይ አለበሷቸው፤ ዓይኖቹን አጎሉ። ሊቃውንት የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ብለው የሚጠሩት በዚህ መንገድ ዳበረ። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ደግሞ ሌላ አሣሣል መጣ። ፊት በጥላ ለሰለሰ፣ መደቡ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ የሚሸጋገር ሆነ፣ የውጭ አገር ጨርቅ አበባ ሳይቀር በዝርዝር ተሣለ። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት፣ በናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። እነዚያ ሠዓሊዎች ከውጭ የመጣ ምስል አላስደነገጣቸውም። ደጋግመው አዩት፣ የሚጠቅማቸውን መረጡ፣ የቀረውን ጣሉ። ልዩነቱ እነርሱ አንድ መጽሐፍ ነበራቸው፤ ለእናንተ በአንድ ምሽት ሺህ ምስል በጣታችሁ ሥር ያልፋል።

ስለዚህ አንድ ሥዕል ምረጡና ለአንድ ወር አትለውጡት። ስክሪኑን አስፍታችሁ በመጀመሪያ ዓይኖችን ብቻ ተመልከቱ። በእኛ ሥዕል ቅዱሳን በሁለት ዓይን ወደ ተመልካቹ ያያሉ፤ ክፉዎች በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል። ቀጥሎ እጆችን እዩ። ከዚያ ወደ ሐረጉ ሂዱ፤ በብራና ገጽ አናት ላይ የሚጠላለፈውን ጌጥ በእርሳስ ተከተሉት፤ ሐረጉ የት ከላይ፣ የት ከታች እንደሚያልፍ እጃችሁ እስኪያውቀው ድረስ። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ለውጡ ግን ይታያል። ሐረግ በእጁ የሠራ ሰው ፊደል ሲጥል፣ አበባ ሲሥል፣ የሕንፃ መስኮት ፎቶግራፍ ሲያነሣ እንኳ መስመሩ ይለያል። መሣሪያው ብዙ አያስጨንቃችሁ። ክሪታ የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ወረቀትና እርሳስም ይበቃል።

አንድ ወሰን ግን አክብሩልኝ። ሥዕለ አድኅኖ የሚጸለይበት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የራሱን ስሜት ለመግለጽ አይሥለውም፤ ሥርዓት አለው። የእመቤታችንን ሥዕል ወስዶ በካናቴራ ላይ ማተም፣ ፊቷን በታዋቂ ሰው ፊት መተካት ፈጠራ የሚመስላቸው ልጆች አሉ። እናቶቻችንን ያሳዝናል፤ እኔንም ያሳዝነኛል። ቀለሙን ውሰዱ፣ መስመሩን ውሰዱ፣ የዓይኑን ትልቅነት ውሰዱ፤ ሥዕሉን ለጸሎቱ ተዉለት። ይህ እጃችሁን አያስርም። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያን ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የክታብና የጠልሰም፣ ማለትም ለጥበቃና ለፈውስ ተብለው በክታብ ላይ የሚሣሉ ምስሎችን፣ ምልክቶች ይዞ ማንም ያልሠራውን ሠርቷል። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ አሜሪካ ተቀምጦ የአማርኛን ፊደል የሥዕሉ ሥጋና አጥንት አድርጎታል። ሁለቱም የሠሩት በእናንተው ኑሮ፣ በስደት ነው። ሥራዎቻቸውን ፈልጋችሁ እዩ።

በሙዚየም ገጽ ላይ የማታገኙት ብዙ ጥበብ ደግሞ ቤታችሁ ተቀምጧል። የጎንደር ሴቶች የሰፉት መሶብ፣ የጠለፉት ቀሚስ፣ በአንገትና በግንባር ላይ የነበረው ንቅሳት በአብዛኛው የሠሪው ስም አልተጻፈበትም። እናታችሁ ወይም አያታችሁ አጠገባችሁ ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው። ስንደዶውን በምን ቀለም ይነክሩ ነበር? ወስፌ መያዝ ማን አስተማራቸው? ይህ ቅርጽ ምን ይባላል? ድምፃቸውን ቅዱ፣ እጃቸውን ሲሠሩ ቅረጹ። በጀርመን አገር በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ አንዲት እህታችን የእናቷን የመሶብ ቅርጾች በታብሌት መልሳ መሣል ጀምራለች፤ አሁን እናትየዋ በስልክ ቀለሙን ያርሟታል፤ «ይህ ቀይ አልበዛም?» ይሏታል። እኔ እስከ ዛሬ ከውጭ ከተላከልኝ ሁሉ እንደዚያ ያስደሰተኝ የለም። ሥዕሉ የእርሷ ነው፤ ማንም ሌላ ሰው ሊሠራው አይችልም ነበር።

የሠራችሁትን ለማን እንደምታሳዩም አስቡበት። መጀመሪያ ለብዙ ሰው አትልቀቁት። ሥራውን ለሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ላኩት፤ የሚቻል ከሆነ አንዱ ጎንደር ያለ ሠዓሊ ይሁን። ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ሥር ቆሞ የኪሩቤልን ፊቶች ሲቆጥር ያደገ ሰው የሚሰጣችሁ አስተያየት ከመቶ የልብ ምልክት ይበልጣል። በምላሹ እናንተም ስጡት፤ ከፓሪስ፣ ከለንደን፣ ከባልቲሞር ያነሣችሁትን ፎቶግራፍ ላኩለት። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ዝርዝሩ ይጠፋል። እዚህ የኢንተርኔት መስመር የሚቋረጥበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ስታገኙ በፍላሽ አድርጋችሁ ስደዱ። የእርሱን ሥራ በእናንተ ሥራ ውስጥ ማስገባት ከፈለጋችሁ ፈቃዱን ጠይቁ፣ ስሙን ጻፉ፣ ከሸጣችሁም ድርሻውን ክፈሉ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራው ገንዘብ ነክ መብት ሠዓሊው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ሕጉ ባይኖርም ግን ከወገን ላይ ሳይጠይቁ መውሰድ ነውር ነው።

ስትፈልጉ ሌላም ነገር ይገጥማችኋል፤ አሮጌ ብራና፣ ክታብ፣ ከመጽሐፍ ተቆርጦ በየገጹ የሚሸጥ ሥዕል። ዋጋው አንዳንድ ጊዜ የአንድ ጫማ ያህል ነው፤ ልባችሁም «ቢያንስ በእኛ እጅ ይግባ» ይላችኋል። እንዴት ከአገር እንደወጣ ማስረጃ ከሌለው አትግዙት። የሚገዛ ሰው እስካለ ድረስ ገጽ መቁረጡ አይቆምም፤ በየገጠሩ ደብር ዕቃ ቤት ያለው ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። ይልቁንስ የሽያጩን ገጽ አድራሻና ቀን መዝግቡ፣ ምስሎቹን ሁሉ አውርዱ፣ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም በአቅራቢያችሁ ላለው ኤምባሲያችን ላኩ። ግዕዝ የሚያነብ ካህን ወይም መምህር በአካባቢያችሁ ካለ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ገጾች በተለይ አሳዩት። የሰጪው ወይም የደብሩ ስም ተጽፎ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ በእነዚያ ገጾች ላይ ነው።