በረዶ ጭኖ ፓሪስ ማቅለጥ ምን የሚሉት ጥበብ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ልጄ አርት ስኩል ነው የምትማረው። አንድ ፕሮፌሰር ከግሪንላንድ በረዶ አስጭኖ ፓሪስ አደባባይ ላይ አቀለጠው ብላ በአድናቆት ነገረችኝ። ያን ሁሉ ነዳጅ አቃጥሎ ስለ አየር ንብረት ማስተማር እንዴት ነው? ይሄስ ጥበብ ይባላል ወይ? (እናት ከአዳማ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እናታችን። ሰውየው ኦላፉር ኤልያሰን ይባላል፣ ዴንማርክ የተወለደ ትውልዱ ግን አይስላንድ የሆነ። በርሊን ሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ከ2009 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ፕሮፌሰር ነበር፣ በ2014 ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አድጀንክት (ቋሚ ያልሆነ) ፕሮፌሰር ሆኗል፣ ስለዚህ ልጅዎ ስሙን ብትሰማ አይገርምም።

በረዶውን ከጂኦሎጂ ፕሮፌሰሩ ሚኒክ ሮሲንግ ጋር ሆኖ ነው ያመጣው፣ ከበረዶ ግግሩ ላይ ቆርጠው ሳይሆን ራሱ ተገንጥሎ በግሪንላንድ ዋና ከተማ ኑክ አጠገብ ባህር ላይ ሲንሳፈፍ የነበረውን። መጀመሪያ ኮፐንሃገን፣ ከዛ በታህሳስ 2015 መሪዎቹ ለአየር ንብረት ጉባኤ ፓሪስ ተሰብስበው እያለ ፓንቴኦን የሚባለው ታዋቂ ሕንፃ ፊት ለፊት 12 ግዙፍ ቁራጭ እንደ ሰዓት ቁጥር ክብ ሠርቶ ደረደረው፣ በ2018 ደግሞ ለንደን። ሰው እየመጣ በእጁ ይነካዋል፣ ጆሮውን ይለጥፍበታል፣ ሲቀልጥ ውስጡ ለሺህ ዓመታት ታምቆ የቆየው አየር ጠስ ጠስ እያለ ሲወጣ ይሰማል። የግሪንላንድ በረዶ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ ባህሩ 7 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል ሲባል ስንቴ ሰምተናል፣ ግን ቁጥር እጅ አያቀዘቅዝም! እኔ ጥበብ የምለው ይሄን ነው።

የነዳጁ ጥያቄዎ ትክክል ነው። የፓሪሱ ጉዞ 30 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደለቀቀ ተሰልቶ ለሕዝብ ተነግሯል፣ 30 ሰው ከፓሪስ ግሪንላንድ በአውሮፕላን ደርሶ ቢመለስ እንደማለት ነው። ትንሽ ነው አልልም፣ ግን ሒሳቡን ሳይደብቅ ማውጣቱን አከብርለታለሁ፣ ስንቱ ድግስና ስብሰባ ነው ይሄን የሚያደርገው?

ደግሞ በረዶ ብቻ አይደለም ሥራው። በ2012 ከኢንጂነር ፍሬድሪክ ኦተሰን ጋር ሊትል ሰን የምትባል በፀሐይ ቻርጅ የምትደረግ ቢጫ መብራት ሠርቷል፣ ቅርጿ የተወሰደው ከእኛው አደይ አበባ ነው። እኔ በኩራዝ ነው ያጠናሁት፣ ጠዋት ስነሳ አፍንጫዬ ውስጥ ጥቀርሻ ነበር፣ ላምባ ሲያልቅ ደግሞ ጥናቱም አብሮ ያልቃል፣ ስለዚህ ይቺ መብራት ለእኔ ከበረዶውም ትበልጣለች።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ፣ ልጅዎን ኤልያሰን በ1999 ከአውሮፕላን ያነሳቸውን የአይስላንድ የበረዶ ግግሮች ፎቶዎችና በ2019 እዛው ተመልሶ ያነሳቸውን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጊና አሳዪኝ ይበሏት፣ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ እዩት።