ከሥራ የተባረራችሁ ጠይቁ፤ ግን ቀኑን ጻፉ

መልስ፦ የማየው የግል ድርጅት ሠራተኛን ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። የመንግሥትና የቤት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይዳኙም። የተባረራችሁበትን ቀን ሳትጽፉ አትጠይቁኝ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ስፌት ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ጥር 20 አለቃዬ በቃሉ "ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ" አለኝ። ሽማግሌ ገብቷል። ልጠብቅ?

መልስ፦ ሽማግሌው ይሂድ፤ አንቺ ግን አትጠብቂ። የእኛ አገር ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ለሽማግሌ ክብር አለን፤ አሠሪውም ይህን ያውቃል። ዛሬ "ከበዓሉ በኋላ" ይላል፤ ነገ "ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ናቸው" ይላል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብ፣ ያግደዋል። ሽምግልና ይርጋን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት ወይም ሕጉን ለሚያስፈጽመው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስታመለክቺ፣ ወይም አሠሪው ጥያቄሽን በጽሑፍ ሲያምን ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በቃል ተሸኝተው አይምጡ፤ የተፈረመ ወረቀት ይቀበሉ። "እንዳትመጪ" ሲልሽ የሰማ ባልደረባ ካለ አሁኑኑ አነጋግሪው፤ በኋላ "ራሷ ቀረች" ይሉሻል። ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለም።

ከደሴ፦ ካሳ ስንት ነው?

መልስ፦ የምን ካሳ? እንዲህ ያለ ጥያቄ አልመልስም።

ከደሴ፦ ሆቴል 4 ዓመት ሠርቼ ያለ ምክንያት አባረሩኝ።

መልስ፦ ቀኑን አሁንም አልጻፍክም። ስንብቱ ሕገወጥ ተብሎ ወደ ሥራ ካልተመለስክ ካሳው የ180 ቀን ደመወዝ ነው። በዚያ ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ አለ፤ ለአንተ 2 ወር። ለጡረታ ካልደረስክ የሥራ ስንብት ክፍያም ይጨመራል፦ ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ ለቀጣዩ እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ።

ከወልዲያ፦ ጋሼ፣ ሽምግልናን ባያጣጥሉት። አባጋር፣ የወሎው ባህላዊ አስታራቂ፣ ስንት ደም አድርቋል!

ከሐይቅ፦ ደምና ደመወዝ ምን አገናኘው? አባጋር ፊት የሚቀመጡት ጎረቤታሞች ናቸው። ፋብሪካ የማንን እርግማን ይፈራል?

ከወልዲያ፦ የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ባለቤት ግን በሽማግሌ ነው የከፈለው። ፍርድ ቤት ቢሄድ እስካሁን ቀጠሮ ላይ ነበር።

መልስ፦ ሕጉ ለሥራ ክርክር ችሎት የሰጠው 60 ቀን ነው፤ እንደሚዘገይ አውቃለሁ። ቀን እየቆጠራችሁ ታረቁ ነው ያልኩት። አባጋርን ሌላ ጊዜ።

ከከሚሴ፦ የትርፍ ሰዓትስ?

መልስ፦ ቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ። ይርጋው 6 ወር።

ከመርሳ፦ ጋሼ፣ እኔም በቃል ነው የተባረርኩት። ሽማግሌ ልኬያለሁ፤ ልጠብቅ?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ! ቀኑስ?

ከመርሳ፦ ጥር አጋማሽ አካባቢ።

መልስ፦ "አካባቢ" የሚባል ቀን የለም። ዛሬ ሚያዝያ 10 ነው። ነገ ጠዋት ማመልከቻህን አስገባ፤ ሽማግሌዎቹን ከሰዓት ታገኛቸዋለህ።