ውሃው በ92 ዲግሪ ፈላ፤ ሪፖርቱ ላይ ምን ልጻፍ?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም ብዬ ቆይቻለሁ፤ ብዙ ተማሪ የሚገጥመው ነገር ስለሆነ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ላብራቶሪ ውስጥ ውሃ አፍልተን ሙቀቱን ለካን። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ይላል። የእኛ ቡድን ግን 92 አገኘ። ሌሎቹም 92 እና 93 ነው ያገኙት። መምህራችን “ቴርሞሜትሮቹ አርጅተው ነው፣ 100 ብላችሁ ጻፉ” አሉን። ምን ልጻፍ?

መልስ፦ 92 ብለህ ጻፍ። ያየኸው እሱን ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ከላያችን ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ያነሰ ስለሆነ ግፊቱም በሩብ ያህል ይቀንሳል። ውሃ ሲሞቅ ሞለኪዩሎቹ እንፋሎት ሆነው ለመውጣት ይገፋሉ፣ አየሩ ደግሞ ከላይ ይጫናቸዋል። የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው ውሃው የሚፈላው። የሚጫነው አየር ካነሰ ውሃው እስከ 100 ድረስ መሞቅ አያስፈልገውም። በግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። 2,400ን ለ300 ብታካፍል 8 ይመጣል። ከ100 ላይ 8 ቀንስ። ቡድናችሁ ያገኘው ቁጥር ቁጭ!

መጽሐፉም አልዋሸም። 100 የሚለው ባሕር ጠለል ላይ ላለ የአየር ግፊት ነው። የሙቀት መለኪያው በስሙ የሚጠራው ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስ ራሱ በ1742 እ.ኤ.አ. መለኪያውን ሲያቀርብ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ ያውቅ ነበር። ችግሩ ቁጥሩን ስንሸመድድ “በዚህ ግፊት ሲሆን” የምትለዋን ሐረግ ጥለን መሸምደዳችን ነው።

የመምህርህን ሐሳብ ግን ዝም ብለህ አትጣለው። “ቴርሞሜትሩ አርጅቶ ነው” ማለት መላምት ነው፤ ጥሩ መላምት ደግሞ ሊፈተን ይችላል። በረዶ ሰባብራችሁ ትንሽ ውሃ ጨምሩበት፣ አማስሉት፣ ቴርሞሜትሩን ክተቱ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። እየቀለጠ ያለ በረዶ አዲስ አበባም ሆነ ጅቡቲ ዜሮ አካባቢ ነው፤ ከፍታው እዚህ ላይ የሚያመጣው ለውጥ በእናንተ ቴርሞሜትር አይታይም። ከዜሮ በታች 8 ካሳየ መምህሩ ልክ ናቸው ማለት ነው። ዜሮ ካሳየ ግን የመሣሪያው እርጅና የሚለው መላምት በጣም ይዳከማል። ደግሞ አስበው፣ የተለያዩ ቴርሞሜትሮች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ያውም በተመሳሳይ መጠን ሊሳሳቱ የሚችሉበት ዕድል ምን ያህል ነው? ስትለኩም የቴርሞሜትሩ ጫፍ ውሃው የሚፈላበትን ብርጭቆ (ቢከሩን) መቀመጫ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። የ92 እና የ93 ልዩነት አያሳስባችሁ፤ የትምህርት ቤት ቴርሞሜትር በ1 ዲግሪ ቢለያይ ያለ ነው።

ሪፖርቱ ላይ እንዲህ አድርግ፦ የለካኸውን ጻፍ፣ የመጽሐፉን ቁጥር ከጎኑ አስቀምጥ፣ ልዩነቱ ለምን እንደመጣ በሁለት መስመር አስረዳ፣ የበረዶውን ሙከራ ውጤትም ጨምር። ከዚያ መምህርህ ጋ ሄደህ “መምህር፣ ይህን አገኘን፣ አብረን እንየው?” በል። በአክብሮት የቀረበ ልኬት ለጥሩ መምህር ደስታ ነው።

እኔን ከልብ የሚያሳዝነኝ ተማሪዎች ሪፖርቱን ሙከራውን ከመሥራታቸው በፊት ከመጽሐፍ ገልብጠው መጨረሳቸው፣ ማርክ የሚሰጠውም ቁጥሩ ከመጽሐፉ ጋር ሲገጥም ብቻ መሆኑ ነው። እንዲህ ከሆነ ውሃውን ማፍላት ለምን አስፈለገ? ልኬትህን ለማርክ ብለህ አትቀይር። ዛሬ በውሃ የተለመደ ነገር ነገ በመድኃኒት ምርመራ ላይ ይደገማል።

ሌላ ከተማ ያላችሁ ተማሪዎችም ሞክሩት። ባሕር ዳር 94፣ ድሬዳዋ 96 አካባቢ መምጣት አለበት። ከባሕር ጠለል በታች ባለው ዳሎል ደግሞ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። አገር ቤት ሽምብራ ስቀቅል ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር፣ እዚህ ቶሎ ይበስላል። ጓደኛዬ “የዚህ ጋዝ ኃይለኛ ስለሆነ ነው” ትላለች። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ያለችው ያሳምናል፣ ግን አይመስለኝም። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብታበረቺው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ላይ ስለሆነች ሽምብራሽ በ100 ዲግሪ ይበስላል፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ92። ስምንት ዲግሪ ለምግብ ብዙ ነው፤ ጥሬን የሚያለሰልሱት ኬሚካዊ ለውጦች ሙቀት ሲቀንስ በጣም ይዘገያሉ። ፕሬሸር ኩከር አገር ቤት በጣም የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ እንፋሎቱን ይዞ ግፊቱን ስለሚጨምር ውሃው ከ100 በላይ ይሞቃል።

በዚህ ጉዳይ የምወደው አንድ ታሪክ አለ። ቻርልስ ዳርዊን በ1835 እ.ኤ.አ. በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮችን ሲሻገር ከፍ ያለ ቦታ ላይ አደሩ። ድንቹ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ላይ ቆይቶ፣ ጠዋትም እንደገና ተቀቅሎ አልበስል አለ። አብረውት የነበሩት ሁለት ሰዎች ተማከሩና “ይህ የተረገመ አዲስ ድስት ድንች መቀቀል አልፈለገም” ብለው ደመደሙ። በሰዎቹ አልስቅም፤ ምክንያት ፈልገዋል። የጎደለው ፍተሻው ነው። ያንኑ ድስት፣ ያንኑ ድንች ይዘው ቆላ ወርደው ቢቀቅሉ መልሱን ያገኙት ነበር።

ያንቺም ጉዳይ እንደዚያ ነው። እዚያ የምትገዢው ሽምብራ ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የቆየ ጥሬ አይበስልም፣ የውሃው ጨውነትም ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ ለእረፍት አገር ቤት ስትመጪ ከዚያው ከረጢት ትንሽ ይዘሽ ነይ፣ እኩል ሰዓት ዘፍዝፊው፣ በዚያው በሚመሳሰል ድስት ቀቅዪው። አንዱን ብቻ ቀይሪ፣ ሌላውን እንዳለ ተዪው። ውሃውንም የታሸገ፣ አንድ ዓይነት ካደረግሽው ጥርጣሬው ከፍታው ላይ ብቻ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል ልጄ “ቁስ አካል አይፈጠርም፣ አይጠፋም” የሚለውን እያጠና ሳለ ማንደጃውን አይቶ “ታዲያ ያ ሁሉ ከሰል የት ሄደ? አመዱ እፍኝ አይሞላም” አለኝ። መልስ አጣሁለት።

መልስ፦ ልጅዎ ትልቅ ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ በርታ ይበሉልኝ። ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል የማይታይ ጋዝ ይሆንና አየር ላይ ይበተናል። አመዱ መጀመሪያም የማይነደው ማዕድን ነው። ሒሳቡ ደግሞ ይገርማል፦ 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክስጅን ወስዶ 44 ግራም ጋዝ ይወጣዋል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ካርቦን ሙሉ በሙሉ ቢነድ 3 ኪሎ ተኩል የሚያልፍ ጋዝ ይሆናል። እንግዲህ ጠፋ ያልነው ነገር ክብደቱ ጨምሯል ማለት ነው!

ይህን ለማየት ጋዙ የማያመልጥበት ዕቃ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው አንቷን ላቯዝዬ በ1774 እ.ኤ.አ. ቆርቆሮ (ቲን) የሚባለውን ብረት በታሸገ ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ አሞቀ። ከማሞቁ በፊትም በኋላም መዘነው፣ ክብደቱ ያው ነው። ዕቃውን ሲከፍተው አየር ሹው ብሎ ገባ፣ ያኔ ክብደቱ ጨመረ። ብረቱ ውስጡ ከነበረው አየር ላይ የተወሰነውን ወስዶ ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲቃጠል ከሚነደው ነገር የሚወጣ “ፍሎጂስተን” የሚባል ነገር አለ ብሎ ያምን ነበር፤ ያንን እምነት የጣለው ሚዛን ነው።

ለልጅዎ አንድ ነገር ይጨምሩለት። አየር በሚያንስበት ቦታ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ይገድላል። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ ሰው “አሁን ደህና ነው” ብሎ ወደ መኝታ ክፍል ያስገባዋል፤ ግን ፍሙም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። በርና መስኮት ዘግታችሁ ከከሰል ጋር እንዳታድሩ። እባካችሁ።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ የለውም። አሲድና ቤዝን በምን እንሞክር?

መልስ፦ በከርከዴ። አፍልታችሁ አጥልሉት፣ ይቀዝቅዝ፣ በነጭ ብርጭቆ ትንሽ ትንሽ ቅዱት። ከርከዴ ራሱ ጎምዛዛ፣ ማለትም አሲድ ስለሆነ ቀይ ነው፤ ሎሚ ብትጨምሩበት ብዙም ለውጥ አታዩም። ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ በትንሹ ጨምሩበት። ቀዩ ይጠፋና ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል፣ አረፋውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሎሚ ስትመልሱበት እንደገና ይቀላል። ከዚያ የሳሙና ውሃ፣ የአመድ ውሃ፣ የእርሾ ውሃ ሞክሩ። ከመጨመራችሁ በፊት ግን የምትገምቱትን ቀለም ደብተር ላይ ጻፉ፣ ከጨመራችሁ በኋላ ያያችሁትን ከጎኑ። አንዱን ብርጭቆ ምንም ሳትጨምሩበት አስቀምጡት፣ ማነጻጸሪያ ይሆናችኋል።

በረኪና ግን በፍጹም አታስገቡበት። ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ቤት ስታጸዱም ሁለቱን አታደባልቁ።