ጥያቄና መልስ፦ «ኮከባቸው አይገጥምም» ተብለናል፤ ሰርጉን እንተወው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ከፋሲካ በኋላ ልጄን ልድር ነው። የልጁ አክስት የሙሽሮቹንና የእኛን የእናቶቻቸውን ስም ይዘው አዋቂ ቤት ሄዱ። «ኮከባቸው አይገጥምም፣ እሳትና ውሃ ናቸው» ተባሉ። ማስታረቂያ ነው ብሎ ክታብም ሰጣቸው። አዋቂው «ሰብአ ሰገል ጌታን ያገኙት በኮከብ አይደለም ወይ? ባሕረ ሐሳብስ ምንድን ነው? ይህ የአባቶቻችን ጥበብ ነው» ብሏል። እውነት ነው? ክታቡንስ ምን ላድርገው? (አንዲት እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ በዚህ ምክንያት ሰርጉን አያፍርሱ። ይህን ላስቀድም፤ ሌላውን ረጋ ብለን እንየው።

«የአባቶቻችን ጥበብ» ከሚለው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚረታው በእሱ ነውና። ኮከብ ቆጠራ ብዙ አገር ዞሮ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። ምንጩ ባቢሎን ነው፣ የዛሬዋ ኢራቅ። በሸክላ ጽላት ላይ ጨረቃ እንዲህ ስትሆን ለንጉሡ እንዲህ ይሆናል የሚል ምልክት በሺዎች ይጽፉ ነበር። ልብ ይበሉ፣ ለንጉሡ ነው። የሙሽራና የሙሽሪት ጉዳይ ማንንም አያሳስብም ነበር። የጨረቃ ግርዶሽ ለንጉሡ ክፉ ነው ከተባለ የአሦር ነገሥታት ምን ያደርጉ እንደነበር ያውቃሉ? አንድ ምስኪን ሰው ፈልገው ዙፋኑ ላይ ያስቀምጡታል። ክፉው ነገር በእሱ ላይ ይውረድ ብለው ነው። ቀኑ ሲያልፍ ይገድሉታል። እውነተኛው ንጉሥ ይመለሳል። አዋቂው የሚመካበት ጥበብ ሲጀመር መልኩ ይህ ነበር።

ሰማዩን በ12 እኩል ከፍሎ የአንድን ሕፃን ዕጣ በተወለደበት ሰዓት መተንበይ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት። ከእስክንድር ዘመን በኋላ ግሪኮች ወሰዱት። ግብፅ ውስጥ እስክንድርያ ላይ አሳደጉት። ከዋክብቱን በእሳት፣ በመሬት፣ በነፋስና በውሃ መክፈልም የእነሱ ነው። ስለዚህ «እሳትና ውሃ ናቸው» የተባሉት ልጆችዎ በግሪክ ሚዛን ነው የተመዘኑት። ከግሪኮች ወደ ህንድ ሄደ። በኋላም ዓረቦች ተቀበሉት፤ ባግዳድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ762 ስትቆረቆር የመሠረቱን ቀን የመረጡት ኮከብ ቆጣሪዎች ናቸው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ከዓረብኛ መጽሐፍ መገልበጡን ስሞቹ ራሳቸው ይናገራሉ፦ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ… ዓረብኛ የሚያውቅ ጎረቤት ካለዎት ይጠይቁት።

ከውጭ መምጣቱ ብቻውን ኃጢአት አያደርገውም። እኛም ብዙ መልካም ነገር ከውጭ ተቀብለናል። ግን የአባቶች ነው እየተባለ ሰው አይፈራበት።

አባቶች ምን አሉ ካልን መጽሐፍ አለን። መጽሐፈ ሄኖክን ይመልከቱ። የፀሐይንና የጨረቃን መንገድ ለሄኖክ ያሳየው መልአኩ ዑርኤል ነው። በከዋክብት ምልክት ማሟረትን ለሰው ያስተማሩት ግን የወደቁት መላእክት ናቸው። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ተጽፈዋል። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ የኖኅ ዘር የሆነው ቃይናን የእነዚያን መላእክት ትምህርት በድንጋይ ተቀርጾ እንዳገኘው፣ ገልብጦም ኖኅ እንዳይቆጣው ብሎ እንደደበቀው ይነግረናል። ያኔም በድብቅ ነበር ማለት ነው!

እኔ በጣም የምወደው ግን የአብርሃምን ታሪክ ነው። ያደገው በከለዳውያን ምድር ነው፤ ይህ ሙያ በተወለደበት ቦታ። ኩፋሌ እንደሚለው፣ በሰባተኛው ወር መባቻ ሌሊት ካራን ላይ ብቻውን ተቀምጦ ከዋክብትን ያይ ነበር። የዚያ ዓመት ዝናም እንዴት እንደሚሆን ሊያውቅ ነው። አስቡት፣ ገበሬ ሁሉ የሚጨነቅበትን ነገር ነው የፈለገው፤ ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። በመካከል በልቡ አንድ ነገር መጣለት። የከዋክብት፣ የፀሐይና የጨረቃ ምልክት ሁሉ በእግዚአብሔር እጅ ከሆነ እኔ ምን አስመረመረኝ? እሱ ቢወድ ማለዳም ማታም ያዘንማል፣ ባይወድ አያዘንምም። ከዚያ ቆጠራውን ትቶ ሌሊቱን መጸለይ ጀመረ። እግዚአብሔር «ከአገርህ ውጣ» ያለው ከዚህ በኋላ ነው።

ወደ ሰብአ ሰገል እንምጣ። ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ይህን ጥያቄ አንስቶታል። ኮከብ ቆጣሪ የሚሠራው የልደትን ሰዓት ይዞ የሚመጣውን መተንበይ ነው፤ እነሱ ግን ኮከቡን አይተው የተወለደውን ፍለጋ መጡ፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው ይላል። ያ ኮከብ ይሄዳል፣ ይሰወራል፣ ሕፃኑ ካለበት ቤት ላይ ይቆማል። እንደ ሌሎቹ ከዋክብት አይደለም። ደግሞ እኮ ኮከቡን ይዘው የደረሱት ኢየሩሳሌም ነው፣ ሄሮድስ ዘንድ። ቤተ ልሔምን ያወቁት የነቢዩ ሚክያስ ቃል ሲነበብ ነው።

ባሕረ ሐሳብም ሌላ ነገር ነው። በድሜጥሮስ ስም የምንጠራው ይህ ሒሳብ መጥቅዕና አበቅቴ የሚባሉትን ቁጥሮች አውጥቶ የነነዌ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ይነግርዎታል። ልጅዎ ከባሏ ትስማማለች ወይ ብለው ቢጠይቁት ዝም ነው።

የስም ቆጠራው ደግሞ ይገርመኛል። ፊደላቱን በቁጥር ደምሮ ለ12 ማካፈል ነው፤ በቀሪው ኮከብ ይባላል። ሰማይን ቀና ብሎ ያየ ሰው የለም! ልጅዎ መጠሪያ ስምም የክርስትና ስምም አላት። በአንዱ ስም ቢደመር አንድ ኮከብ፣ በሌላው ቢደመር ሌላ ሊወጣ ይችላል። የቱ ነው ከባሏ የተጣላው? በልደት ሰዓት ነው ለሚሉም ቢሆን ኤሳውና ያዕቆብ አሉ። አንዱ የሌላውን ተረከዝ ይዞ ተወለደ፤ ኑሯቸው ግን ሰማይና ምድር ነበር።

ልጆቹን እንደ ወላጅ ይመርምሩ። ልጁ ሲቆጣ ምን ይሆናል? ይጠጣል? ዕዳ አለበት? ይቆርባል? የሕክምና ምርመራ አድርገዋል? ትዳር የሚናጋው በእነዚህ ነው። ሁለቱም ወደ ንስሐ አባታቸው ይሂዱና ትምህርት ይውሰዱ። አክስትየውን አይሳደቡ። የፈሩት ለልጃቸው ነው፤ እንዲያውም ይዘዋቸው ይሂዱ።

ክታቡን በተመለከተ፣ የሎዶቅያ ጉባኤ በቀኖና 36 ካህናት ኮከብ ቆጣሪ እንዳይሆኑ፣ ክታብም እንዳይሠሩ ከልክሏል። ስለዚህ ሙሽሮቹ አንገት ላይ አይታሰር፣ ትራስ ሥርም አይቀመጥ። በንዴት ቆሻሻ ውስጥም አይጣሉት። ብዙ ጊዜ ከማይታወቅ ስም ጋር ቅዱሳት ስሞች ተቀላቅለው ይጻፉበታል። ሳይፈቱት ለንስሐ አባትዎ ይስጡ፤ ምን እንደሚደረግ እሳቸው ያውቃሉ።