ያንን ወይን ለዶሮ ወጡ አትክፈተው

ወንድሜ፣ በስጦታ የደረሰህን ካበርኔ ሶቪኞን፣ መርሎና ካበርኔ ፍራንክ የተባሉ ሦስት የወይን ዝርያዎች የተቀላቀሉበት ቀይ ወይን ለፋሲካ ከዶሮ ወጥ ጋር ልክፈተው ወይ፣ ፍሪጅስ ይግባ ወይ ብለሃል። እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጠርሙስ በዶሮ ወጥ አባክኜ ስለማውቅ እባክህ አትቸኩል።

በርበሬና ጠንካራ ቀይ ወይን አይስማሙም። አልኮሉ ቃጠሎውን ያባብሰዋል፣ ቃጠሎው ደግሞ የወይኑን የፍሬ ጣዕም ይሸፍነዋል። ያኔ እንግዶቼ ሁሉ «ይኼማ መራራ ነው» ብለው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። የተረፈውን በቡሹ ደፍኜ በማግስቱ ማታ ከመንዝ በግ ጥብስ ጋር ስቀምሰው ግን ሌላ መጠጥ ሆኖ አገኘሁት። ለካ ድድና ምላስ የሚያደርቀው ታኒን የሚባለው ነገር ነው፤ ከወይኑ ልጣጭና ከውስጡ ዘር ይመጣል። ከጌሾ ምሬት ለይተህ እየው፤ ቅጠሉ ውስጡ ብዙ የቆየበት ሻይ ስትጠጣ አፍህ ኩምትር እንደሚለው ነው። ሥጋና ጮማ ሲያገኝ ይለዝባል።

ፍሪጅ አያስፈልገውም። የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ባለችው ከተማችን ሳሎንህ ይበቃዋል። እንዲያውም ከዚያ ከበረደ ታኒኑ ይጠነክራል፣ ሽታውም ይዘጋልና ብርጭቆውን በመዳፍህ አቅፈህ ታገሰው።

ቅልቅል ስለሆነ ተራ ነው ያለህን ሰው አትስማው። መርሎ ቀድሞ ይበስላል፣ ልስላሴው ከእሱ ነው። ካበርኔ ሶቪኞን ዘግይቶ ይደርሳል፣ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ጥንካሬውን ይሰጣል። ካበርኔ ፍራንክ መዓዛ ይጨምራል። የፈረንሳይ ቦርዶ ጠማቂዎች ሲቀላቅሉ የኖሩት አንዱ ዝርያ በአየር ጠባይ ቢጎዳ ሌላው እንዲክሰው ጭምር ነው። የአንተው ላይ ደግሞ «ሁለት በርሜል ብቻ» ተብሎ ተጽፏል ብለሃል፤ በተለመደው የ225 ሊትር በርሜል ከሄድን ጠቅላላው 600 ጠርሙስ ግድም ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ሙሉ ሰው በየጉንጩ ሊጨርሰው አይገባም።

ለዶሮ ወጡ ጠላ ወይም ጠጅ አቅርብ። ወይኑን ከመክፈትህ ከአንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን ቀጥ አድርገህ አቁመው፤ ዝቃጭ ካለው ይረጋል። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ እስከ ሲሶው ብቻ ቅዳ። መጀመሪያ አሽትተው፣ ትንሽ ተጎንጭተህ አፍህ ውስጥ አቆየው፣ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ተወውና ተመለስበት። ጥቂትም ቢሆን አስተርፍና በማግስቱ ቅመሰው፤ እኔ የወደድኩት የዚያን ሁለተኛ ማታውን ነው።